የግል ካፒታልና የገጠር መብራት፦ አደጋውን ማን ይሸከም?

በአገራችን የኤሌክትሪክ ጉዳይ ሲነሳ አብዛኛውን ጊዜ የምንነጋገረው ስለ ግድብና ስለ ሜጋ ዋት ነው። መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. የመሠረት ድንጋዩ የተጣለው ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ፣ በአብዛኛው በአገር ውስጥ ገንዘብ ተገንብቶ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል። 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅሙ ትልቅ ውጤት ነው። ሆኖም ከሕዝባችን ግማሽ ያህሉ ዛሬም መብራት የለውም። ማመንጨት አንድ ነገር ነው፤ ምሰሶ፣ ትራንስፎርመርና ቆጣሪ ይዞ ገጠር ቀበሌ መድረስ ደግሞ ሌላ ነው። መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2019 ባሻሻለው ብሔራዊ የኤሌክትሪፊኬሽን ፕሮግራም፣ እስከ 2025 ድረስ 65 በመቶውን ሕዝብ በዋናው መስመር፣ 35 በመቶውን ደግሞ ከመስመር ውጪ በሚገኝ ኃይል ለማዳረስ አቅዶ ነበር። ጊዜው አልፏል፤ ዕቅዱ ግን አልተሳካም።

ክፍተቱን ለመሙላት የግል ባለሀብት ይምጣ የሚለውን ሐሳብ እኔም እደግፋለሁ። በሙያዬ የፕሮጀክት ብድር ጥያቄዎችን ስመረምር የተረዳሁት ግን፣ የግል ገንዘብ የሚመጣው የሕዝቡ ችግር ስለከፋ አለመሆኑን ነው። የሚመጣው እያንዳንዱ አደጋ በማን ጫንቃ ላይ እንደሚወድቅ በጽሑፍ ሲቀመጥለት ነው።

አበዳሪው የሚጠይቀው

አንድ የኃይል ማመንጫ ገንዘቡን የሚመልሰው በ20 ወይም በ25 ዓመት ውስጥ ነው። ስለዚህ አበዳሪው ሦስት ነገሮችን አጥብቆ ይጠይቃል። አንደኛ፣ ኃይሉን የሚገዛው ማን ነው? የመክፈል አቅሙስ? ሁለተኛ፣ ክፍያው በየትኛው ገንዘብ ይፈጸማል? በብር ከሆነ ወደ ዶላር ተመንዝሮ ይወጣል ወይ? ሦስተኛ፣ አለመግባባት ቢፈጠር የሚዳኘው የት ነው?

በእኛ አገር ሕግ አልጠፋም። የኢነርጂ አዋጅ ቁጥር 810/2006 እና የመንግሥትና የግል አጋርነት አዋጅ ቁጥር 1076/2010 ወጥተዋል። የኮርቤቲና የቱሉ ሞዬ የእንፋሎት ኃይል ፕሮጀክቶችም እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2017 የኃይል ግዢ ስምምነት ተፈራርመዋል። ድርድሩ ግን ዓመታት የፈጀ ነበር። ከባዱ ጥያቄም ሁለተኛው፣ ማለትም የውጭ ምንዛሪ ነው።

ስሌቱ ምን ይላል?

እ.ኤ.አ. በመስከረም 2019 የሳዑዲው አክዋ ፓወር በሶማሌ ክልል ጋድ እና በአፋር ክልል ዲቼቶ፣ እያንዳንዳቸው 125 ሜጋ ዋት የሚያመነጩ የሶላር ጣቢያዎችን ለመገንባት ጨረታ አሸነፈ። ያቀረበው ዋጋ በኪሎ ዋት ሰዓት 2.526 የአሜሪካ ሴንት ሲሆን፣ በወቅቱ በርካሽነቱ ብዙ ተወርቶለታል። ጣቢያዎቹ ግን በታሰበው ጊዜ አልተገነቡም።

ተገንብተው ቢሆንስ ኖሮ? ጨረታው በተካሄደበት ጊዜ አንድ ዶላር 29 ብር ገደማ ስለነበር ዋጋው 73 ሳንቲም ይሆናል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የምንዛሪ ተመኑን ለገበያ ሲለቅ ዶላሩ 57 ብር አካባቢ ነበር፤ ዋጋው 1 ብር ከ44 ሳንቲም። ዶላሩ 130 ብር ሲገባ ደግሞ ያው 2.526 ሴንት 3 ብር ከ28 ሳንቲም ሆነ። ጣቢያው አልተለወጠም፤ ፀሐይዋም ያችው ናት። የተለወጠው ብራችን ነው።

በሌላ በኩል ደንበኛው የሚከፍለው በብር ነው። ዝቅተኛው ተጠቃሚ ለመጀመሪያዎቹ 50 ኪሎ ዋት ሰዓት ለረጅም ዓመታት ሲከፍል የኖረው 27 ሳንቲም ነበር። ታሪፉ በ2011 ዓ.ም. መሻሻል ጀመረ፤ በ2017 ዓ.ም. መግቢያም በየሩብ ዓመቱ ከፍ የሚል አዲስ የአራት ዓመት ታሪፍ ወጣ። በዶላር በተፈረመው ውልና በብር በሚሰበሰበው ሒሳብ መካከል ያለውን ልዩነት የሚሸፍነው ወይ ደንበኛው፣ ወይ የመንግሥት ግምጃ ቤት ነው። ሦስተኛ ወገን የለም።

የጎረቤት ልምድ

ኬንያ የግል ኃይል አመንጪዎችን ቀድማ ጋብዛለች። 365 ተርባይኖች ያሉት፣ 310 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው የቱርካና ሐይቅ የነፋስ ኃይል ጣቢያ ተርባይኖቹ እ.ኤ.አ. በ2017 ተተክለው አልቀው ነበር። መንግሥት ሊዘረጋ ቃል የገባው የማስተላለፊያ መስመር ግን የተጠናቀቀው በ2018 ነው። ኃይሉ ሳይደርስ የመዘግየት ካሳ መክፈል ግድ ሆነ። ቀደም ሲል የዓለም ባንክ፣ አገሪቱ ለማትጠቀምበት ኃይል ትከፍላለች በሚል ሥጋት፣ እ.ኤ.አ. በ2012 ከፕሮጀክቱ ወጥቶ ነበር። የአፍሪካ ልማት ባንክ በዋስትና ገባና ሥራው ቀጠለ። ዋስትና ገንዘብ ያመጣል፤ ግን ነፃ አይደለም። ቃል ገቢው መንግሥት የራሱን ድርሻ በጊዜው ካልሠራ ሒሳቡ ወደ ዜጋው ይዞራል።

መስመር ለማይደርሳቸው

ለተበታተነው የገጠር ነዋሪ ሌላ መንገድ አለ። በኬንያ ኤምኮፓ የተባለው ኩባንያ ከ2012 ጀምሮ የሶላር መሣሪያ በዱቤ ይሰጣል። ደንበኛው በኤምፔሳ በየቀኑ ጥቂት ሽልንግ ይከፍላል፤ ካልከፈለ መሣሪያው ከርቀት ይዘጋል። በባንግላዴሽ ደግሞ ኢድኮል የተባለው የመንግሥት የፋይናንስ ተቋም ከ2003 ጀምሮ ከለጋሾች ያገኘውን ገንዘብ በአገሬው ገንዘብ ለድርጅቶች እያበደረ፣ ከ4 ሚሊዮን በላይ ቤቶች ሶላር እንዲያገኙ አድርጓል። ተበዳሪው ገበሬ የዶላር አደጋ አልነካውም። በኋላ ግን ዋናው መስመር ሲስፋፋ ገዢ ቀነሰ፤ ብድር መመለስም ተዳከመ።

በእኛም አገር ልማት ባንክ ከዓለም ባንክ በተገኘ ገንዘብ ለሶላር አስመጪዎች ብድር ሰጥቷል፤ ቴሌብርም ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ አለ። መሠረቱ ተጥሏል ማለት ነው።

ምን ይደረግ?

በእኔ እምነት ሦስት ነገሮች ይቀድማሉ። የመጀመሪያው፣ የአገር ውስጥ ባንኮች፣ ኢንሹራንሶችና የጡረታ ገንዘብ በብር እንዲያበድሩ መንገድ መክፈት ነው። የለጋሽ ገንዘብም የምንዛሪ ኪሳራውን ለመሸፈን ቢውል ይሻላል። ሁለተኛው፣ አነስተኛ የመንደር ሶላር ጣቢያ የገነባ ባለሀብት ነገ ዋናው መስመር ሲደርስ ምን እንደሚሆን ውሉ በግልጽ እንዲናገር ማድረግ ነው፤ ይገዛዋል ወይስ ይካሳል? ሦስተኛው፣ መንግሥት የሚሰጣቸው ዋስትናዎች በዶላር ምን ያህል እንደሆኑ በየዓመቱ ለሕዝብ መታተም አለባቸው።

ባለሀብቱ ማትረፍ አለበት፤ ያለዚያ አይመጣም። ነገር ግን በጨረታ ቀን የተነገረውን ርካሽ ዋጋ ብቻ አይተን ማጨብጨብ የለብንም። ብሩ ሲወድቅ፣ መስመሩ ሲዘገይ ወይም ገዢው መክፈል ሲያቅተው ማን ይከፍላል? ይህ ጥያቄ ከፊርማው በፊት ካልተመለሰ፣ መልሱ በገጠር እናት የመብራት ሒሳብ ላይ ይጻፋል።