ቫልቩ በማን እጅ ነው? የለስላሳ ሮቦቶች የአየር ግፊት ቁጥጥር አጭር ታሪክ



የለስላሳ ሮቦቶች ታሪክ አብዛኛውን ጊዜ የሚተረከው የቁሳቁስ ታሪክ ሆኖ ነው፤ ብረት ለጎማ፣ ጎማም ለሲሊኮን ቦታውን ለቀቀ ይባላል። ይህ ትረካ የጉዳዩን ግማሽ ይተዋል። አካሉ ከለሰለሰ ብዙ ዘመን ሆኖታል፤ ሳይለሰልስ የቆየው አየሩን የሚያዝዘው ክፍል ነው። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ዘመን የማቀርበው ጥያቄ አንድ ነው፦ ቫልቩን የሚከፍተውና የሚዘጋው ማን ነው?

የፊዚክስ ሊቁ ጆሴፍ ማክኪበን እ.ኤ.አ. በ1945 በተካሄደው የመጀመሪያው የኑክሌር ፍንዳታ ሙከራ የመጨረሻዎቹን ሰከንዶች የሚመራውን መሣሪያ ያንቀሳቀሰ ሰው ነው። በ1950ዎቹ ልጁ በፖሊዮ ሳቢያ እጇን ማዘዝ ሲሳናት፣ የጎማ ቱቦን በተጎነጎነ መረብ ሸፍኖ ሰው ሠራሽ ጡንቻ አዘጋጀላት። ጋዝ ሲገባበት ቱቦው በጎኑ ይወፍራል፤ የመረቡ ክሮች ስለማይለጠጡ ርዝመቱ ያጥራል፤ ሲያጥርም ጣቶችን ይስባል። በዚህ ዘመን ቫልቩ በተጠቃሚው ቁጥጥር ሥር ነበር። ዓይን የጣቱን መጨበጥ ይከታተላል፣ አእምሮም ቀጣዩን እርምጃ ይወስናል።

በ1980ዎቹ የጃፓኑ ብሪጅስቶን ኩባንያ ይህንኑ ጡንቻ ለሮቦት ክንዶች ሲያቀርብ፣ ሥልጣኑ ወደ ኮምፒውተር ተዛወረ። ችግሩም ያኔ ጎልቶ ታየ። ቫልቭ በቀጥታ የሚወስነው የአየሩን ፍሰት እንጂ ግፊቱን አይደለም። አየር ይታመቃል፤ አካሉ ሲነፋ ይዘቱ ስለሚሰፋ ግፊቱ እንደገና ይለወጣል፤ ቱቦው በረዘመ ቁጥርም ትእዛዙ ይዘገያል። በክሮቹና በጎማው መካከል ባለው ሰበቃ ምክንያት፣ ጡንቻው በአንድ ዓይነት ግፊት ሲነፋና ሲተነፍስ የሚኖረው ርዝመት የተለያየ ነው። ስለሆነም ኮምፒውተሩ ግፊቱን እየለካ ቫልቩን ደጋግሞ መክፈትና መዝጋት፣ የአካሉንም አቀማመጥ ለብቻው መለካት ነበረበት።

እ.ኤ.አ. በ2011 በሃርቫርድ የጆርጅ ዋይትሳይድስ ቡድን በጠባብ ክፍተት ሥር የሚሾልክ ባለ አራት እግር የሲሊኮን ሮቦት አቀረበ። ሆኖም ሮቦቱ እንደ እትብት በረዘሙ ቱቦዎች ከውጭ ቫልቮች ጋር የተሳሰረ ነበር። በ2014 የተሠራው ተከታዩ መጭመቂያውንና ባትሪውን በጀርባው ተሸከመ፤ ይህን ለመቻል ግን ርዝመቱ 65 ሴንቲ ሜትር መድረስ ነበረበት። የለስላሳውን አካል መጠን የወሰነው ጠንካራው መቆጣጠሪያ ነበር ማለት ነው።

መውጫው የተገኘው ተረስቶ ከነበረ መንገድ አቅራቢያ ነው። በ1960ዎቹ መሐንዲሶች አንዱን የአየር ጅረት በሌላው እየገፉ ያለ ኤሌክትሪክ የሎጂክ ስሌት ያከናውኑ ነበር። ትራንዚስተር በፍጥነት፣ በማነስና በርካሽነት ስለበለጠው፣ ይህ ዘርፍ ወደ ጥቂት ልዩ አገልግሎቶች ተገፋ። እ.ኤ.አ. በ2016 የቀረበው ኦክቶቦት የተባለ ትንሽ ኦክቶፐስ መሰል ሮቦት ግን በፈሳሽ ሰርኪዩት ታዘዘ፤ የሚነፋውም ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ በፕላቲነም አማካይነት ሲበታተን በሚወጣው ጋዝ ነበር። በ2021 በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሳን ዲዬጎ የተሠራው ባለ አራት እግር ሮቦት ደግሞ ያለ አንዳች ኤሌክትሮኒክስ ተራመደ። ሦስት ለስላሳ ቫልቮች በቀለበት ተያይዘዋል፤ እያንዳንዱ የተቀበለውን ግፊት ገልብጦ ለቀጣዩ ያስተላልፋል። ቁጥራቸው ጎዶሎ ስለሆነ ቀለበቱ ከቶ አይረጋም፤ ይህ አለመርጋት ራሱ የእርምጃው ምት ሆነ።

ይህ ማለት ኤሌክትሮኒክስ ተሸነፈ ማለት አይደለም። የአየር ቀለበት ምትን ይሰጣል፤ ለደካማ እጅ የሚስማማውን ልከኛ ግፊት ለመጠበቅ ግን መለካትና ማረም ግድ ነው። ታሪኩ የሚያስተምረን በአንድ ዘመን መመዘኛ ወደ ኋላ የቀረ ዕውቀት ጥያቄው ሲለወጥ ዋጋው እንደሚለወጥ ነው። የ1960ዎቹ ጥያቄ ፍጥነት ነበር፤ የዛሬው ጥያቄ መቆጣጠሪያው ከአካሉ ጋር አብሮ መለሰስ ይችላል ወይ የሚል ነው። ስለዚህ ተማሪዎቼ፣ የለስላሳ ሮቦት ፎቶግራፍ ስታዩ ዓይናችሁ በሮቦቱ ላይ አይቁም፤ ቱቦውን ተከትላችሁ መጨረሻው የት እንደሆነ ጠይቁ።