የዝግታ ጎዳናዎች (ኦክላንድ)

በካሊፎርኒያዋ ኦክላንድ ከተማ፣ በኮሮና ወረርሽኝ ጊዜ የሰፈር ውስጥ መንገዶችን ለእግረኞችና ለብስክሌት ነጂዎች የለቀቀ መርሐ ግብር። ከንቲባ ሊቢ ሻፍ እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2020 ይፋ ያደረጉት፣ ነዋሪው ተራርቆ የሚንቀሳቀስበት ስፍራ እንዲያገኝ ነው። የታቀደው 74 ማይል (119 ኪሎ ሜትር ገደማ) ሲሆን፣ በተግባር የተዘጋው 21 ማይል ያህል ነው። «የተዘጋው» ማለትም ልክ አይሆንም፤ መንገዱ አፍ ላይ ይቆም የነበረው ተንቀሳቃሽ አጥር ይከለክል የነበረው አቋርጦ የሚያልፈውን መኪና ብቻ ነው። የሰፈሩ ሰው፣ ዕቃ አድራሹና አምቡላንሱ ቀስ ብለው ይገቡ ነበር።

መርሐ ግብሩ በሁሉም ዘንድ እኩል አልተወደደም። ለከተማው መጠይቅ መልስ ከሰጡት ደጋፊዎች ብዙዎቹ ገቢያቸው ከፍ ያለ ነጮች ነበሩ። በምሥራቅ ኦክላንድ ግን ብዙ ሰው በወረርሽኙም መሀል ወደ ሥራ ይመላለስ ስለነበር፣ ጭንቀቱ መናፈሻ ማጣት ሳይሆን መኪና የሚከንፍበትን አውራ ጎዳና በሰላም መሻገር ነበር። ቅሬታው እውነት ነበረው። ከተማውም በዚያው ዓመት በምግብ መደብሮችና በጤና ጣቢያዎች አቅራቢያ ጊዜያዊ መሻገሪያዎችን ሠራ። አጥሮቹ በ2022 ተነሡ።