ስለ ዐፀድና ስለ ቅጽር

እግዚአብሔር አዳምን በገነት ባኖረው ጊዜ እንዲሠራትና እንዲጠብቃት አዘዘው። ስለዚህ ተክልን ማልማትና መጠበቅ ለሰው ከተሰጠው ሥራ ሁሉ የቀደመ ነው። የሁለቱም ሥራ ስም በየደብራችን ይገኛል፤ ተክሉ ያለበት ስፍራ ዐፀድ፥ የሚጠብቀውም አጥር ቅጽር ይባላልና።

ከወረታ ወጥቶ የፎገራን ሜዳ የሚመለከት ሰው፥ በክረምት ርብና ጉማራ በሚያጥለቀልቁት በሩዙ ማሳ ዙሪያ እዚህና እዚያ የዛፍ ጥላ ቢያይ፥ በዚያ ታቦት እንዳለ ያውቃል። የአገሩ ዱር ለእርሻና ለማገዶ ሲመነጠር፥ አባቶቻችን የቤተ ክርስቲያንን ዛፍ መቍረጥ ነውር ነው ብለው ጽዱንና ወይራውን፥ ዋንዛውንና ብሳናውን አቈዩልን።

ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ ይህን የደቡብ ጎንደርን ቅርስ መርምረው፥ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2007 ዓ.ም. በሆላንድ አገር በቫኽኒንገን ዩኒቨርሲቲ ጽሑፋቸውን አቀረቡ። በ28 አብያተ ክርስቲያናት ዐፀድ 168 ዓይነት ዛፍ፥ ቍጥቋጦና ሐረግ አገኙ። ይህ ደስ ያሰኛል። ነገር ግን ሽማግሌው ዛፍ ሞልቶ ችግኙ ማነሱ ያሳዝናል። የብዙዎቹ ዛፎች ዘር በአፈር ውስጥ ብዙ ጊዜ አይቈይም፤ ቶሎ ካልበቀለ ይጠፋል። የበቀለውንም ከብት ይበላዋል፥ ይረግጠዋልም። እንዲህ ከሆነ ሽማግሌው በወደቀ ጊዜ ወራሽ የለውም።

መድኃኒቱ ግን ከእርሻው ውስጥ ተገኘ። በዚሁ በደቡብ ጎንደር በዣራ ምእመናን ከማሳቸው ድንጋይ ለቅመው የደኑን ዙሪያ ካቡ። ማሳው ከድንጋይ ጠራ፤ ደኑም ከከብት ተጠበቀ።

ቅጽሩ ከተካበ በኋላም ሥራ አለ። ዝግባ በታላላቅ ዛፎች ጥላ ሥር ስለሚያድግ በዚያ ይተከል፤ ጽድ ግን ብርሃን ስለሚሻ ክፍት በሆነው ስፍራ ይተከል። የወደቀው ቅጠል ተጠርጎ አይቃጠል፤ ለአፈሩ እርጥበትና ምግብ ነውና። ቶሎ ገንዘብ ያመጣል ተብሎም ባሕር ዛፍ የአገሩን ዛፍ ስፍራ አይውሰድ።

ካህናትና ምእመናን ሆይ፥ ዛሬ የኢዮቤልዩውን በዓል የምናከብርበትን ጥላ የተከሉት ሰዎች ስማቸው አልተጻፈም፤ ሥራቸው ግን በላያችን ቆሟል። እኛም እያንዳንዳችን አንድ ድንጋይና አንድ ችግኝ ብናመጣ፥ የሚመጣውን ኢዮቤልዩ የሚያከብሩ ልጆቻችን ጥላ አያጡም። ለዚህም የአባቶቻችን አምላክ ይርዳን፤ አሜን።