በኮምፒውተር የታገዘ ቀዶ ሕክምና፦ የፈረስ መንጋጋ ሲነቀል

ከፈረስ መንጋጋ ጥርስ ለዓይን የሚታየው ጥቂቱ ነው። በወጣት ፈረስ አንዱ መንጋጋ 7 ሴንቲሜትርና ከዚያም በላይ ሲረዝም፣ አብዛኛው አጥንት ውስጥ ተቀብሮ ይኖራል። በዓመት ከ2 እስከ 3 ሚሊሜትር ያልቃል፤ ያለቀውን ያህል ከሥር እየተገፋ ይወጣል። ነጋዴ የፈረስን አፍ ከፍቶ ዕድሜውን የሚገምተውም ጥርሱ እንዲህ እያለቀ ስለሚሄድ ነው፤ እሱ የሚያየው የፊት ጥርሶቹን ቢሆንም።

ይህ ጥርስ ሲታመም መንቀሉ ከባድ ሥራ ነው። ፈረሱ እንደቆመ ማረጋጊያ ይወጋል፣ ነርቩ ይደነዝዛል፤ ሐኪሙ ጥርሱን በረጅም ጉጠት ይዞ እስኪላቀቅ ይወዘውዘዋል። አንዳንዴ ሰዓታት ይፈጃል። ጉጠት የሚይዘው የላይኛው ክፍል ተሰብሮ ከሆነ ደግሞ አጥንቱን ሰርስሮ፣ ሥሩን በብረት ዘንግ ወደ አፍ መግፋት ይመጣል። ዘንጉ በጥቂት ሚሊሜትር ቢስት አጠገቡ ያለው ጤነኛ ጥርስ ይጎዳል። በላይኛው መንጋጋ ሳይነስ የሚባለው የአጥንት ውስጥ ክፍተትም፣ ከዓይን በታች የሚያልፈው ነርቭም ቅርብ ናቸው።

ኮምፒውተር አሲስትድ ሰርጀሪ የሚባለው ስልት የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው። በአማርኛ «በኮምፒውተር የታገዘ ቀዶ ሕክምና» ብንለው ይበቃል። «የኮምፒውተር ቀዶ ሕክምና» የሚለው አጠራር ግን ሮቦት የሚሠራው ያስመስለዋል፤ የሚሰረስረው እጅ የሐኪሙ ነው።

መጀመሪያ ምልክት ያለበት ትንሽ መቆሚያ ከራስ ቅሉ አጥንት ጋር ይታሰራል፤ ጭንቅላቱ በሲቲ ስካን ይነሳል። ሐኪሙ በምስሉ ላይ መሰርሰሪያው የሚገባበትን መስመር ያሰምራል። መሰርሰሪያውም የራሱ ምልክት ስላለው፣ የኢንፍራሬድ ካሜራ ሁለቱን እየተከታተለ ጫፉ የት እንደደረሰ ወዲያውኑ በስክሪን ያሳያል። ፈረሱ ራሱን ቢነቀንቅ መቆሚያው አብሮ ስለሚነቀነቅ ስሌቱ አይበላሽም።

ችግሩ መቆሚያው ሲላላ ነው፤ ስክሪኑ ያለምንም ማስጠንቀቂያ የተሳሳተ ቦታ ያሳያል። ስለዚህ ጠንቃቃ ሐኪም ከመሰርሰሩ በፊት የሚያውቀውን ቦታ፣ ለምሳሌ የአጥንት ጠርዝ፣ በመጠቆሚያ ነክቶ ስክሪኑ ያንኑ ማሳየቱን ያረጋግጣል።

ስልቱ የመጣው ከሰው የአንጎልና የአከርካሪ ቀዶ ሕክምና ነው። ለፈረስ ከሚጠቀሙበት አንዱ የስዊዘርላንዱ የበርን ዩኒቨርሲቲ ነው። መሣሪያው ውድ ነው፤ የፈረስ ጭንቅላት የሚያነሳ ሲቲ ስካንም ይፈልጋል። በጉጠት ለሚወጣ ጥርስ ማንም አይነካውም።