መነጽር በመነጽር ላይ

ስለ ፎቶግራፍ ታሪክ ሲጻፍ ዘወትር የሚነሣው ከካሜራው ፊት የቆመው ሰው ነው። ንጉሡ እንዴት እንደ ተቀመጡ፣ መኳንንቱ ምን እንደ ለበሱ ይተረካል። ከካሜራው ኋላ የቆመው ሰው፣ በተለይም ዐይኑ፣ ከቁም ነገር አይገባም። እኛ ግን መነጽር ያደረግን ተማሪዎች ነንና ታሪኩን ከዚያ በኩል ልናየው ወደድን። ነገሩ የቅንጦት አይምሰላችሁ። ከመካከላችን በምረቃና በሠርግ ሰሞን ካሜራ አንጠልጥሎ በጀሞ የኮንዶሚኒየም ግቢዎች ከብሎክ ብሎክ እየዞረ የቤት ኪራዩን የሚሸፍን አለ። የሙሽራዪቱ እናት ከጥግ ተቆርጠው ከቀሩ ክፍያውም አብሮ ይቆረጣል።

ከቃሉ እንጀምር። «መነጽር» ከግዕዙ «ነጸረ»፣ ማለት ተመለከተ፣ ከሚለው የወጣ ነው፤ መመልከቻ እንደ ማለት። ስለዚህም በአማርኛ አፍንጫ ላይ የሚቀመጠውም መነጽር ነው፣ መኰንኑ ከኮረብታ ላይ ሆኖ የሚያይበትም የጦር ሜዳ መነጽር ይባላል። በዚህ አካሄድ ቢሄዱበት፣ ፎቶ አንሺዎቻችን «ቪውፋይንደር» የሚሉት የካሜራው ማያ ቀዳዳ ሦስተኛው መነጽር መሆኑ ነው። ችግሩም ከዚሁ ይጀምራል፤ ሁለት መነጽሮች ባንድ ዐይን ፊት ቦታ ይሻማሉ።

ይሁን እንጂ ይህ ሽሚያ ከካሜራ ጋር አብሮ የተወለደ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1868 ከናፒየር ጦር ጋር ወደ መቅደላ የዘመቱት የእንግሊዝ ፎቶ አንሺዎች ይዘውት የመጡት ባለ ሦስት እግር የእንጨት ሣጥን ነበር። በዚያ ዘመን ካሜራ ጀርባ ላይ ደብዛዛ መስተዋት አለ። ፎቶ አንሺው ጥቁር ጨርቅ ተከናንቦ፣ ተዘቅዝቆ የሚታየውን ምስል መጽሐፍ እንደሚያነብ ሰው ከአንድ ክንድ ባነሰ ርቀት ያየዋል። በ20ኛው መቶ ዓመት መባቻ አዲስ አበባ የገባው አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያን የዐፄ ምኒልክ ፎቶ አንሺ በሆነበት ጊዜም የስቱዲዮ ካሜራ ጠባይ ይኸው ነበር። ልጆቹ ሃይጋዝና ቶኒ ሙያውን ወርሰው ለቤተ መንግሥቱ ሠርተዋል። እንግዲህ እንዲህ ባለው ካሜራ ፊት መነጽር ረዳት እንጂ እንቅፋት አይደለም። ለማንበብ የሚያደርገው ሰው ያንኑ አድርጎ ይሠራል፣ አለቀ።

ዐይንን ከካሜራው ጋር ያጣበቀው የትንንሾቹ የእጅ ካሜራዎች መስፋፋት ነው። ላይካ እ.ኤ.አ. በ1925 ለገበያ ቀረበ። በ1949 በድሬስደን የተሠራው ኮንታክስ ኤስ ደግሞ በሌንሱ በኩል የገባውን ምስል ቀጥ አድርጎ ዐይን ድረስ አመጣው። በ1959 ኒኮን ኤፍ ተከተለና የጋዜጠኛው ሁሉ ዕቃ ሆነ። ሽመልስ ደስታ በ1963 የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቤተ መንግሥት ፎቶ አንሺ ሲሆን ዘመኑ የሩጫ ዘመን ነበር፤ ንጉሠ ነገሥቱ ከመኪና ሲወርዱ «ትንሽ ይቆዩልኝ፣ መነጽሬን ላውልቅ» አይባልም። ፍጥነቱ ትልቅ ድል ነው፣ አንክድም። ግን መሣሪያው የተለካው በባዶ ዐይን ነበር።

አሠራሩን እንየው። ምስሉ ከነአራት ጥጉ የሚታየው ዐይናችን ከማያ ቀዳዳው መስተዋት በተወሰነ ርቀት ላይ ሲቀመጥ ነው። ያ ርቀት 15 ሚሊ ሜትር ቢሆን፣ መነጽራችን ራሱ ከዐይናችን 12 ሚሊ ሜትር ያህል ይርቃል። የመስተዋታችን ውፍረትና የቀዳዳው ጠርዝ ሲጨመርበት ሒሳቡ ተዘጋ። መካከሉ ይታያል፣ ዳር ዳሩ ይጠፋል፤ ሠርግን በቁልፍ ቀዳዳ እንደ ማየት። እንጠጋ ብለን ብንጫን ደግሞ፣ በ1954 እንደ ወጣው ላይካ ኤም3 ያለው ባለ ብረት ጠርዝ መነጽራችንን ይቧጭረዋል። በሐምሌ ጧት እስትንፋሳችን የሚያመጣው ጉምማ አይነሣ!

ፋብሪካዎቹ ጨርሶ አላሰቡትም ማለት አይደለም። ለካኖን ኤፍ-1 ከ6 ሳንቲ ሜትር ርቀት የሚታይበት ተቀያሪ ማያ ተሠርቶለት ነበር፤ ግን ለብቻው የሚገዛ ልዩ ዕቃ ነው። ለተራው ባለ መነጽር የመጣውን መፍትሔ በኒኮን ኤፍ3 ላይ እናገኘዋለን። በ1980 ሲወጣ እንደ ቀድሞዎቹ ነበር። በ1982 ኤፍ3 ኤችፒ የሚባለው ሲከተል ግን ዐይን 25 ሚሊ ሜትር ያህል ርቆ ምስሉን ሙሉ እንዲያይ ተደረገ። ለዚህ የተከፈለው ዋጋ ምስሉ በጥቂቱ ማነሱ ብቻ ነው፤ ከ0.8 ወደ 0.75 እጥፍ። ከኮንታክስ ኤስ እስከዚህ ድረስ ሠላሳ ሦስት ዓመት መሆኑ ነው፤ ይህቺን ታህል ነገር ለማሰብ!

ሌላው መንገድ ዲዮፕተር የሚባለው ማስተካከያ ነው። በ1988 በወጣው ኒኮን ኤፍ4 ላይ ትንሽዬ መዘውር ሆኖ ተገጠመ፤ ዛሬ በብዙው ካሜራ ላይ አለ። መነጽርህን አውልቀህ መዘውሩን ለዐይንህ ልክ ታዞራለህ። ሲሰሙት ያምራል። ዳሩ ግን አስቲግማቲዝም ያለበትን ዐይን አያቃናም፤ እሱ የሚያስተካክለው የቅርብና የሩቅ ዕይታን ነው። ከዚህም የሚብሰው፣ መነጽሩን ያወለቀ ሰው በቀዳዳው ውስጥ ሲያይ ከቀዳዳው ውጭ ያለውን ማጣቱ ነው። ሽማግሌዎቹ በየት በኩል እየገቡ ነው? ማን ሊያለቅስ ነው? ይህን በጭጋግ ውስጥ መገመት አይቻልም። ስለዚህ እኛ ከመዘውሩ ይልቅ 25 ሚሊ ሜትሩን እንመርጣለን።

በዲጂታሉ ዘመን ስክሪኑ ከካሜራው ጀርባ ሲወጣ ዐይን ወደ ቤድሮስ ርቀት ተመለሰ። ስልክ የያዘ ሁሉ ዛሬ ከአንድ ክንድ ያያል፤ ልዩነቱ ጥቁሩ ጨርቅ መቅረቱ ነው። የጨርቁ ጥቅም ደግሞ በስድስት ሰዓት ፀሐይ ጀሞ ውስጥ፣ በነጭ ግድግዳና በሲሚንቶ ግቢ መካከል ሲቆሙ ይታወቃል። ስክሪኑ ጥላ ብቻ ይሆናል። ያኔ ወደ ቀዳዳው መመለስ ግድ ነው።

እንግዲያው ያገለገለ ካሜራ የምትገዙ ጓደኞቻችን፣ ሻጩ ስለ ሜጋፒክሰል ሲያወራ ዝም በሉት። መነጽራችሁን ሳታወልቁ ዐይናችሁን ከቀዳዳው አስጠጉና ወደ በሩ አነጣጥሩ። የበሩ አራት ማዕዘኖች፣ ከሥር ካሉት ቁጥሮች ጋር፣ ራሳችሁን ሳታንቀሳቅሱ ባንድ ጊዜ ታዩ እንደ ሆነ ዋጋ ተነጋገሩ። ጠርዙ ላይ የጎማ ቀለበት መኖሩንም በጣት ዳሰስ ማድረግ ነው፤ ከሌለው ከዋጋው ላይ ያስቀንሳል።