«ኩላሊቴን ነው» ስንል፦ ስለ ሥር የሰደደ የኩላሊት ሕመም

እኛ ዘንድ ወገቡን ያመመው ሁሉ «ኩላሊቴን ነው» ይላል። ከዚያ ሱቅ ብቅ ብሎ ዲክሎፌናክ ይገዛል። እኔም ቀኑን ሙሉ ቆሜ ሳስተምር ውዬ ወገቤን ሲይዘኝ ያደረግሁት ይህንኑ ነበር። ነገሩ የገባኝ አንዲት ጎረቤታችን የሆኑ እናት ፊታቸው አብጦ ክሊኒክ ሲሄዱ፣ ላስተረጉምላቸው አብሬ ሄጄ ነው። እሳቸው ወገባቸውን አሟቸው አያውቅም። ግፊት እንዳለባቸው ከተነገራቸው ግን ዓመታት አልፈዋል፤ መድኃኒቱን «ተሻለኝ» ብለው ትተውት ነበር።

ሥር የሰደደ የኩላሊት ሕመም የሚባለው ኩላሊት ተጎድቶ ወይም ሥራው ቀንሶ ከ3 ወር በላይ ሲቆይ ነው። በእያንዳንዱ ኩላሊት ውስጥ 1 ሚሊዮን ገደማ ጥቃቅን ማጣሪያዎች አሉ። ከደም ቆሻሻና ትርፍ ውሃ ያወጣሉ። ኩላሊት ከዚህ ሌላ የደም ግፊትን ያስተካክላል፣ ደም እንዲመረትም ያግዛል። የሞተ ማጣሪያ አይተካም፤ የቀሩት ሥራውን ደርበው ስለሚሠሩ ሰውየው ለረጅም ጊዜ ምንም አይሰማውም። ምልክቱ ጎልቶ የሚታየው ብዙ ጊዜ ዘግይቶ ነው፦ ጠዋት የዓይን ዙሪያ ወይም እግር ማበጥ፣ አረፋው ቶሎ የማይጠፋ ሽንት፣ ሌሊት ደጋግሞ መሽናት፣ ድካም፣ የምግብ ፍላጎት ማጣት፣ ማሳከክ።

ዋነኞቹ መንስኤዎች ስኳርና ደም ግፊት ናቸው። ጠጠርና ኢንፌክሽን በእርግጥ ጎንን ያሳምማሉ፤ ትኩሳት ወይም ደም ያለበት ሽንት ካለ ክሊኒክ እንጂ ሱቅ አይኬድም። ሽንት ጨርሶ ከቆመ ወይም ትንፋሽ ካጠረ ደግሞ ለነገ አይባልም።

ምርመራው ከባድ አይደለም፦ ግፊት መለካት፣ ሽንት ውስጥ ፕሮቲን መኖሩን ማየት፣ በደም ክሬቲኒን የሚባለውን መለካት። ስኳር ወይም ግፊት ያለበት ሰው ምንም ባይሰማውም ቢያንስ በዓመት አንዴ ይህን ይጠይቅ። «ክሬቲኒኔ ስንት ነው?» በሉና ወረቀቱን ያዙት፤ ካምፕ ብትቀይሩ ቀጣዩ ሐኪም የሚያነጻጽረው በሱ ነው።

ሕክምናው የጠፋውን አይመልስም፣ የቀረውን ያቆያል። እንደ ኢናላፕሪል ያሉ የግፊት ኪኒኖች በሽንት የሚወጣውን ፕሮቲንም ይቀንሳሉ። ያረገዘች ወይም ለማርገዝ ያሰበች ሴት ግን ቀድማ ለሐኪሙ ትንገር፣ ለጽንሱ አደገኛ ናቸው። ግፊታችሁ ወረደ ማለት መድኃኒቱ እየሠራ ነው ማለት ነው፤ በራሳችሁ አታቋርጡ።

ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ወደ ኩላሊት የሚሄደውን ደም ይቀንሳሉ። ኩላሊቱ ለደከመ ሰው፣ ይልቁንም በሙቀት ወይም በተቅማጥ ውሃው ላለቀበት፣ ጉዳታቸው ይብሳል። ለሕመም ማስታገሻ ፓራሲታሞል በመጠኑ ሲወሰድ ይሻላል።

ጨው በቀን ከ5 ግራም፣ ማለትም ከአንድ የሻይ ማንኪያ በታች ይሁን። እኛ ግን በርበሬው ውስጥ ጨው፣ ወጡ ውስጥ ጨው፣ በላዩ ማጊ! ቡና በጨው የምትጠጡም አላችሁ። «ውሃ ኩላሊት ያጥባል» ተብሎ ላበጠ ሰው ዝም ብሎ ውሃ ማብዛትም ልክ አይደለም፤ መጠኑን ሐኪም ይወስናል። ሙዝ፣ ድንችና ቲማቲም ፖታሺየም ስላላቸው የሚቀነሱት በደም ምርመራ ከፍ ብሎ ከተገኘ ነው። ራሽን ጠባቂን ሰው ያለ ምክንያት ምግብ አትከልክሉት።

ኩላሊት ጨርሶ ሲደክም የሚቀረው እጥበት ወይም ንቅለ ተከላ ነው። እጥበት አብዛኛውን ጊዜ በሳምንት 3 ቀን፣ በየጊዜው 4 ሰዓት ያህል ማሽን ላይ መቆየት ነው፤ ከካምፕ ሆኖ ይህን ማግኘት ምን ያህል እንደሚከብድ ታውቁታላችሁ። ንቅለ ተከላ አዲስ አበባ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል በ2008 ዓ.ም. ተጀምሯል። ኩላሊት የሚሰጠው ግን በአብዛኛው ዘመድ ነው፤ ዘመዱ በየአገሩ ለተበተነ ሰው ይህም ራሱ ፈተና ነው።

እኚያ እናት እዚያ አልደረሱም። ኪኒናቸውን እንደገና ጀምረው እብጠቱ ቀንሷል፤ ክሬቲኒናቸው በየ3 ወሩ ይታያል። ቀኑን የምታስታውሳቸው የልጅ ልጃቸው ናት፤ የሒሳብ ደብተሯ ጀርባ ላይ ጽፋዋለች።