አጭር ትእዛዝና ረጅም ትእዛዝ በኮምፒዩተር ታሪክ

ኮምፒዩተር የሚሠራው በማስታወሻው ውስጥ የተጻፈለትን ትእዛዝ ተራ በተራ እያነበበ ነው። ነገር ግን ያው አንድ ሥራ በአንዱ መሣሪያ ጥቂት፣ በሌላው ብዙ ቦታ የሚፈጀው ስለ ምንድን ነው? እኛ ተማሪዎች ይህን ለመረዳት አንድ ቀላል ሥራ መረጥን፤ ይኸውም በማስታወሻ ያሉትን ሁለት ቁጥሮች ደምሮ ድምሩን መልሶ በማስታወሻ ማኖር ነው። ቁጥሮቹ በቅርብ አድራሻ እንደሚገኙ አድርገን፣ ባይት በተባለው መስፈሪያ አሰላን። ዘመኖቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

አይ ቢ ኤም የተባለው ኩባንያ በ1964 ሲስተም 360ን ባስተዋወቀ ጊዜ ማስታወሻ እጅግ ውድ ነበር፤ የሚሠራው ከጥቃቅን የማግኔት ቀለበቶች ሲሆን ሽቦው በቀለበቶቹ ውስጥ የሚያልፈው በአመዛኙ በሰው እጅ ነበርና። ስለዚህ መሐንዲሶቹ ትእዛዙን እንደ ሥራው ዓይነት 2፣ 4 ወይም 6 ባይት አደረጉት። የኛ ምሳሌ በዚህ መሣሪያ 3 ትእዛዝ፣ 12 ባይት ይፈጃል። በ1977 የወጣው ቫክስ 11/780 ግን ሁሉን በአንድ ትእዛዝ ይፈጽማል፤ 7 ባይትም ይበቃዋል።

ይሁን እንጂ ማሳጠር የራሱ ዕዳ አለው። የትእዛዙ ርዝመት የሚለያይ ከሆነ፣ መሣሪያው የአንዱን መጨረሻ ሳያውቅ የሚቀጥለውን መጀመሪያ ሊያውቅ አይችልም። ማስታወሻ እየረከሰ በሄደ ጊዜ፣ በእንግሊዝ አገር በኬምብሪጅ ይገኝ የነበረው አኮርን ኩባንያ በ1985 የሠራው የመጀመሪያው አርም ትእዛዙን ሁሉ እኩል 4 ባይት አደረገ። ምሳሌያችን 4 ትእዛዝ፣ 16 ባይት ሆነ፤ ቦታው ቢበዛም አነባበቡ ቀለለ።

ከዚያ በኋላ ማስታወሻቸው ጠባብ የሆነ ትንንሽ መሣሪያዎች ተበራከቱ። በ1994 አርም ባለ 2 ባይት ትእዛዞችን ጨመረ፤ ስማቸውንም ታምብ፣ ማለት አውራ ጣት፣ አለው። ምሳሌያችን በነዚህ 8 ባይት ብቻ ነው። ሆኖም ሙሉ ፕሮግራም በግማሽ አይቀንስም፤ አጭር ትእዛዝ የሚሸከመው ጥቂት ስለሆነ ለአንዳንዱ ሥራ ተጨማሪ ትእዛዝ ያስፈልጋልና።

እንግዲህ የትእዛዝ ብዛት ብቻውን የፕሮግራም መለኪያ አለመሆኑን ተረዳን፤ 3 ትእዛዝ 12 ባይት ሲፈጅ 4 ትእዛዝ 8 ባይት ሆኗልና። ደግሞም የቀድሞ ሰዎች ሥራ አረጀ ተብሎ ሊናቅ አይገባም። እነርሱ የዘመናቸውን ችግር ፈቱ፤ ችግሩ በሌላ መልክ በተመለሰ ጊዜ ዘዴያቸውም አብሮ ተመለሰ።